ላፕቶፕ ፎርማት ማድረግና የዲስክ ችግሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዊንዶውስ እንደገና ስለመጫንና ስለ ዲስክ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አቅርበነዋል።

ላፕቶፔ በጣም ይንቀራፈፋል። ፎርማት ባስደርገው ይስተካከላል?

አንዳንዴ አዎ፤ ግን በቅድሚያ ዲስኩን አረጋግጡ። ብዙ ሰው ላፕቶፑ ሲዘገይበት በቀጥታ ፎርማት ያስደርጋል፣ ለጥቂት ቀን ፈጠን ይልለታል፣ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ነው። የታመመው ዲስኩ ከሆነ ዊንዶውሱን መቀየር ምንም አይፈይድም። እንዲያውም ሊሞት የተቃረበ ዲስክ ላይ እንደ አዲስ መጫን ብዙ ጊጋባይት በአንድ ጊዜ ስለሚያስጽፈው ፍጻሜውን ሊያፋጥነው ይችላል።

ለማየት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ምንም ሳትሠሩ «ዲስክ» የሚለው 100 በመቶ ላይ ተቸክሎ ከቆየ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩ ነው። «ሜሞሪ» የሚለው ሞልቶ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ደግሞ ራም መጨመር ከፎርማት ይሻላል። ሁለቱም ደህና ሆነው ማሽኑ በማታውቋቸው ፕሮግራሞች ከተሞላ፣ ብሮውዘሩ በራሱ ማስታወቂያ ከከፈተ፣ ወይም አፕዴት ተበላሽቶ ሰማያዊ ስክሪን ከተደጋገመ፣ ያን ጊዜ እንደገና መጫን ትክክለኛው መፍትሔ ነው።

ዊንዶውሱ ውስጥ ያለው «ሪሴት» እና በፍላሽ መጫን ምን ይለያቸዋል?

ዊንዶውሱ የሚነሳላችሁ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ሪከቨሪ የሚል ቦታ አለ። እዚያ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ስትሉ ሁለት ምርጫ ይቀርብላችኋል፦ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» ሰነዶቻችሁን ትቶ ፕሮግራሞቹን ያጠፋል፣ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ሁሉንም ይጠርጋል። ቀጥሎ የሚመጣው «ክላውድ ዳውንሎድ» 4 ጊጋባይት ገደማ ስለሚያወርድ ፓኬጃችሁን አስቡ፤ «ሎካል ሪኢንስቶል» ግን ማሽኑ ላይ ባለው ፋይል ይሠራል።

በፍላሽ መጫን የሚያስፈልገው ዊንዶውሱ ጭራሽ እምቢ ካለ፣ ዲስኩ ከተቀየረ ወይም ቫይረስ ከገባ ነው። ለቫይረስ እኔ በሪሴት አልተማመንም፤ ሌላ ንጹሕ ማሽን ላይ በተዘጋጀ ፍላሽ መጫን ይሻላል።

ፎርማት ሲደረግ ምን ይጠፋብኛል? ዲ ላይ ያለውስ ይተርፋል?

ዲ ድራይቭ በጥንቃቄ ከተሠራ አይነካም። የሚጠፋው ሲ ላይ ያለው ነው፤ ችግሩ ሰው ሲ ላይ ምን እንዳስቀመጠ አለማስታወሱ ነው። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስና ፒክቸርስ በተለምዶ ሲ ላይ ናቸው። ከቴሌግራም ያወረዳችሁት ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ተቀምጧል። ክሮም የያዛቸው ፓስወርዶችና ቡክማርኮች ከጉግል አካውንታችሁ ጋር ሲንክ ካልተደረጉ አብረው ይሄዳሉ።

በእኛ አገር በተለይ ሰው የሚያስለቅሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው። የድርጅቱ ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ ከዶክመንትስ ውጭ፣ ሲ ላይ ባለ ሌላ ፎልደር ስለሚቀመጥ፣ ዶክመንትስን ብቻ ገልብጦ ፎርማት ያደረገ ሰው የዓመታት ሒሳብ ያጠፋል። ፕሮግራሙን ክፈቱ፣ ፋይል ከሚለው ሜኑ ባክአፕ አድርጉ፣ የወጣውን በፒቲቢ የሚያበቃ ፋይል ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ። ከአንድ በላይ ካምፓኒ ከከፈታችሁ ባክአፑ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ነው። የፒችትሪውን ስሪት ዓመትም ጻፉ፤ በአዲሱ የተያዘ ባክአፕ ከዚያ በቆየው ስሪት አይመለስም።

ሁለተኛው የአማርኛ ፎንት ነው። በቆዩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ደብዳቤ ዩኒኮድ (ሁሉም ማሽን የሚያውቀው የፊደል አሠራር) ስላልሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ፎንቱ ሲጫን ይመለሳል። ስለዚህ ሲ ላይ «ዊንዶውስ» ከሚለው ፎልደር ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ቀድማችሁ ገልብጡ። በዩኒኮድ የጻፋችሁት ግን ኢብሪማ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውሱ ጋር ስለሚመጣ ያለ ችግር ይነበባል። ኒያላን የለመዳችሁ ደግሞ ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው የኢትዮጵያ ፊደላት ተጨማሪ ፎንቶችን ማስገባት ትችላላችሁ።

ስንት ጊጋባይት ፍላሽ ያስፈልጋል? ፋይሉን ዝም ብዬ ብገለብጠውስ?

8 ጊጋባይት ይበቃል፤ በላዩ ያለው ሁሉ ግን ይጠፋል። አይኤስኦ የሚባለውን የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል እንዳለ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ማሽኑን አያስነሳም። የማይክሮሶፍቱ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል ራሱ አውርዶ ያዘጋጅላችኋል፤ አይኤስኦው በእጃችሁ ካለ ደግሞ ሩፈስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራዋል። የሚወርደው ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ጓደኛ ያወረደውን መቀበል ያስማማል፤ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የወረደ መሆኑን ግን ጠይቁ። «ላይት» እየተባሉ የሚዞሩትን ሰው የቀነሳቸውንና የነካካቸውን ዊንዶውሶች አልመክርም፤ ምን እንደወጣባቸውና ምን እንደገባባቸው የሚያውቀው የሠራቸው ሰው ብቻ ነው።

ፍላሹ ራሱ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። 1 ወይም 2 ቴራ ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ ብዙውን ጊዜ እውነተኛ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ከአቅሙ ያለፈውን የተቀበለ መስሎ ይጥለዋል። ከዚያ ዊንዶውሱ መሃል ላይ «ፋይል ጎድሏል» ብሎ ይቆማል፣ ሰውም ዲስኩን ይወቅሳል። ኤችቱ ቴስት ደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ በማንበብ ማረጋገጥ ይቻላል።

ከፍላሹ እንዲነሳ የቱን ቁልፍ ልጫን?

ዴልና ሌኖቮ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ኤፍ 9፣ አሱስ ኤስኬፕ፣ ቶሺባ ኤፍ 12። ኤሰርም ኤፍ 12 ነው፤ ግን መጀመሪያ በኤፍ 2 ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማዘጋጃ) ውስጥ ገብታችሁ የቡት ሜኑውን ማብራት ሊኖርባችሁ ይችላል። ቁልፉን የኩባንያው አርማ ሳይመጣ ጀምራችሁ ደጋግማችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ካልያዘላችሁ ሸትዳውን ሳይሆን ሪስታርት በሉት፤ በፋስት ስታርትአፕ ምክንያት ሸትዳውን ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ዊንዶውስ 10 ይሻለኛል ወይስ 11?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግለሰቦች የተዘጋጀው የደኅንነት ማራዘሚያም የተቆረጠለት ቀን ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ማሽኑ ከቻለ 11ን ጫኑ። መስፈርቱ ቲፒኤም 2.0 (ቁልፎችን የሚይዝ የደኅንነት ቺፕ)፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ማስነሻን የሚከለክል ሴቲንግ)፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታና በኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ነው። በወረቀት ላይ 4 ይበል እንጂ ከ8 ጊጋባይት ራም በታች ለሥራ አይመችም።

በሩፈስ መስፈርቱን አልፎ መጫን ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለ ማሽን አፕዴት ዋስትና አይሰጥም። 4ኛ ወይም 5ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሥራችሁ ብሮውዘርና መጻፍ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን ሞክሩ፤ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ ላይ ተነስቶ ይታያል። ፒችትሪ ለሚጠቀም ግን ሊኑክስ መፍትሔ አይሆንም።

እየተጫነ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

ባትሪው የሚይዝ ከሆነ ሞልታችሁ ጀምሩ፤ ኤስኤስዲ (የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ሥራው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ያለበት ቦታ ውሰዱት። ድንገት ቢቋረጥ ማሽኑ አይሞትም፤ ከፍላሹ እንደገና ትጀምራላችሁ። ፈጽሞ መብራት ሊቋረጥበት የማይገባው የባዮስ አፕዴት ነው፤ እሱ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

የት ልጫን ሲል አራት አምስት ክፍልፋይ ያሳየኛል። የቱን ላጥፋ?

ወደዚህ ገጽ ከመድረሳችሁ በፊት፣ ዊንዶውሱ ገና ሲሠራ፣ ዲስክ ማኔጅመንትን ከፍታችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የመጫኛው ገጽ ሲ እና ዲ የሚሉ ፊደሎች አያሳይም፤ የምትለዩት በመጠን ብቻ ነው። 100 ሜጋባይት ገደማ የሆነው ማስነሻው፣ 16 ሜጋባይት የሆነው የዊንዶውስ መጠባበቂያ፣ ጥቂት መቶ ሜጋባይት የሆነው ሪከቨሪ፣ ትልቁ ደግሞ ሲ ነው። እነዚህን አራቱን አጥፍታችሁ በሚፈጠረው ባዶ ቦታ ላይ መጫን ይቻላል። ዲ መረጃ ካለው አትንኩት።

ኤስኤስዲም ሃርድ ዲስክም ያለው ላፕቶፕ ላይ «ዲስክ 0» እና «ዲስክ 1» የሚሉ ሁለት ቡድኖች ታያላችሁ። የዚህ ገጽ ስህተት መመለሻው ከባድ ነው። ጥርጣሬ ካለ ሃርድ ዲስኩን ነቅላችሁ ጫኑና በኋላ መልሱት።

ዲስኬ ጤነኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አስገቡ። ዲስኮች ስለራሳቸው የሚይዙትን ስማርት የተባለ መዝገብ አንብቦ «ጉድ»፣ «ኮሽን» ወይም «ባድ» ይላችኋል። በሃርድ ዲስክ ላይ ዓይናችሁን ሦስት መስመሮች ላይ ጣሉ። «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ» ዲስኩ ተበላሽተው አግኝቶ በመጠባበቂያ የተካቸው ቦታዎች ብዛት ነው። «ከረንት ፔንዲንግ» ደግሞ ለማንበብ አቅቶት ገና ያልወሰነባቸው ናቸው። «አንኮሬክተብል» የሚለው ጨርሶ ሊነበቡ ያልቻሉትን ይቆጥራል። ሦስቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። የመጀመሪያው ትንሽ ቁጥር ይዞ ለዓመታት ካልተንቀሳቀሰ መታገሥ ይቻላል፤ በየሳምንቱ ካደገ ግን ዲስኩ እየሄደ ነው። «ዩዲኤምኤ ሲአርሲ» የሚለው ብቻ ካደገ ዲስኩን አትጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ገመዱ ወይም ማገናኛው ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ «ፓወር ኦን አወርስ» የሚለውን እዩ። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ 20,000 ካለ ዲስኩ ከሁለት ዓመት በላይ ያለ እረፍት ሠርቷል ማለት ነው። ሻጩ ዊንዶውሱን ቢያድሰውም ይህን ቁጥር አያድሰውም።

ጆሮም ይረዳል። ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ካሰማ የማንበቢያው ራስ ቦታውን ማግኘት አቅቶታል፤ አጥፉት፣ ደጋግማችሁም አታስነሱት። ኤስኤስዲ ግን ድምፅ የለውም፤ ያለ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጠዋት ሊጠፋ ይችላል፣ ስለዚህ በመቶኛ የሚታየው ጤናው ደህና ቢሆንም ባክአፕ የግድ ነው።

ቼክ ዲስክ ባድ ሴክተርን ይጠግናል?

የዲስኩን ቁስል አይጠግንም። ቼክ ዲስክ የሚያስተካክለው የፋይል ሥርዓቱን ነው፦ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚነግረው መዝገብ መብራት በድንገት ሲጠፋ ወይም ፍላሽ ሳይወጣ ሲነቀል ይዛባል፣ እሱ ያቃናዋል። በዲስክ ላይ ቀኙን ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ ስትሉ የሚሠራው ይኼ ነው። ጠለቅ ያለው፣ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ከኋላው አር የሚል ፊደል ተጨምሮበት የሚሠራው ዓይነት ደግሞ እያንዳንዱን ቦታ አንብቦ የማይነበበውን «እዚህ አትጻፍ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። በትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ ያን ጠለቅ ያለ ፍተሻ ማስኬድ ማለት የቀረውን ትንፋሽ በፍተሻ ማባከን ነው፤ መረጃችሁን ለማውጣት ስትመጡ ዲስኩ ላይነሳ ይችላል። ፍተሻው የተበላሹ መዝገቦችን ሲያስተካክል አንዳንድ ፋይሎችንም ሊቆራርጥ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ ነው፦ መጀመሪያ መረጃውን ማውጣት፣ ቀጥሎ ቼክ ዲስክ። ዊንዶውሱ እምቢ ካለም ከሊኑክስ ፍላሽ አስነስታችሁ ወይም ዲስኩን በዩኤስቢ ኬዝ ከሌላ ማሽን ጋር አገናኝታችሁ መገልበጥ ትችላላችሁ። ስትገለብጡም በጣም ከሚያስፈልጋችሁ ጀምሩ፤ ፊልሙ ይቆየን።

ኤስኤስዲ ብቀይር ለውጥ አለው? 256 ብዬ የገዛሁት 238 አሳየኝ፤ ተጭበርብሬ ነው?

አልተጭበረበራችሁም። አምራቹ ጊጋባይትን በ1,000 አባዝቶ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024። በዚህ ምክንያት 128 የተባለው 119፣ 256 የተባለው 238፣ 512 የተባለው 476 ሆኖ ይታያል።

ለውጡን በተመለከተ፣ ሃርድ ዲስክ ላለው ላፕቶፕ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ወጪ የለም። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ወደ 100 ሜጋባይት ያነብባል፣ የሳታ ኤስኤስዲ ወደ 550። ትልቁ ልዩነት ግን ፍጥነቱ ላይ አይደለም፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ሺህ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይሰበስባል፣ በሃርድ ዲስክ ላይ የማንበቢያው ራስ ለእያንዳንዱ መንቀሳቀስ አለበት፣ ኤስኤስዲ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑን አስከፍታችሁ ማስገቢያውን እዩ፦ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ነው ወይስ ኤም ነጥብ 2? ኤም ነጥብ 2 ከሆነም ሳታ ወይስ ኤንቪኤምኢ? መልካቸው ይመሳሰላል፤ ማሽኑ የማይደግፈውን ከገዛችሁ አያነበውም።

ስከፍተው «ቡት ዲቫይስ ኖት ፋውንድ» ይላል። ዲስኩ ሞቷል?

ገና አይታወቅም። ፍላሽ ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉና እንደገና አስነሱ። ቀጥሎ ባዮስ ውስጥ ግቡና የዲስኩ ስም ይታይ እንደሆነ እዩ። ስሙ ካለ ዲስኩ በሕይወት አለ፤ የቡት ቅደም ተከተሉ ተቀይሯል፣ ወይም ሌጋሲና ዩኢኤፍአይ የሚባሉት አሮጌውና አዲሱ የማስነሻ መንገዶች ተቀያይረዋል፣ ወይም የዊንዶውሱ ማስነሻ ተበላሽቷል። የባዮስ ባትሪ ሲደክም ሴቲንጉ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ፣ ሰዓቱም አብሮ ከተዛባ ይህን ጠርጥሩ።

ስሙ ከሌለ ዲስኩን አስወጥታችሁ መልሳችሁ በደንብ ሰኩት፤ ወድቆ ወይም በሻንጣ ውስጥ ተንገጫግጮ የላላ ማገናኛ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። አሁንም ካልታየ ሌላ ማሽን ላይ ሞክሩት።

«ዲስኩ ኤምቢአር ነው» ብሎ አልጭንም አለኝ።

ማሽኑ በአዲሱ የዩኢኤፍአይ መንገድ ተነስቷል፣ ዲስኩ ግን የተከፋፈለው በአሮጌው ኤምቢአር ነው። ዩኢኤፍአይ የሚፈልገው ጂፒቲ የሚባለውን አዲሱን አከፋፈል ነው። ዲስኩ ላይ የምትፈልጉት ነገር ከሌለ ክፍልፋዮቹን ሁሉ አጥፉና በባዶው ላይ ጫኑ፤ ዊንዶውሱ ራሱ ጂፒቲ ያደርገዋል። ዲ ላይ መረጃ ካለ ግን ይህን እንዳትነኩ።

መረጃ ሳይጠፋ የሚቀይር ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ የሚባል መሣሪያ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ የሚሠራው ዋና ክፍልፋዮቹ ከ3 ካልበለጡና ኤክስቴንድድ የሚባል ክፍል ከሌለ ነው። ከቀየራችሁ በኋላ ባዮሱን ወደ ዩኢኤፍአይ ማዞር አትርሱ። ባዮሱን ወደ ሌጋሲ መልሶ መጫንም ያስኬዳል፤ ዊንዶውስ 11 ግን ዩኢኤፍአይን ስለሚፈልግ ለነገ ያሰባችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ብትቀይሩት ይሻላል።

የምጭንበት ዲስክ ጭራሽ አይታይም። ባዮስ ላይ ግን አለ።

ላፕቶፑ 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ ምክንያቱ ቪኤምዲ የሚባለው ሴቲንግ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። እሱ ሲበራ የዊንዶውስ መጫኛው ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ዲስኩን አያይም። ሰዎች በዚህ ምክንያት ጤነኛ ኤስኤስዲ «ተቃጥሏል» ተብለው አዲስ ይገዛሉ፤ በጣም ያሳዝናል። ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርዳችሁ፣ ፈትታችሁ ፍላሹ ላይ አድርጉና «ሎድ ድራይቨር» በሉት። ወይም ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን አጥፉ፤ ይህ ለአዲስ ጭነት ነው፣ ቀድሞ የተጫነ ዊንዶውስ ካለ ላይነሳ ይችላል።

ከተጫነ በኋላ ዋይፋይ የለም፤ ድራይቨር ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል።

አንድሮይድ ስልካችሁን በኬብል አገናኙና ዩኤስቢ ቴተሪንግን አብሩ። ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ድራይቨር ያውቀዋል። ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት የጎደሉትን ይሞላል፤ የቀረውን በላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥር፣ ዴል ከሆነ በሰርቪስ ታጉ፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ ፈልጉ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ» የሚሉ ፕሮግራሞችን ተዉ።

ዊንዶውሱ «አክቲቬት አድርግ» ይለኛል። ክራክ ላድርገው?

መጀመሪያ ላፕቶፑ የራሱ ፈቃድ እንዳለው እዩ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የወጡ ላፕቶፖች ቁልፉን ማዘርቦርዳቸው ውስጥ ይዘዋል። ያው ዓይነት ከተጫነባቸው ኢንተርኔት ሲያገኙ በራሳቸው አክቲቬት ይሆናሉ። ስህተቱ የሚመጣው ከሆም ጋር ለተሸጠ ላፕቶፕ ፕሮ ሲጫንበት ነው፤ ፈቃዱ እያለ ባለቤቱ ክራክ ይፈልጋል። ሆምን ጫኑለትና ፈቃዱን ያገኛል። ዲስክ መቀየር ፈቃዱን አያጠፋም፤ ማዘርቦርድ መቀየር ግን ያጠፋል።

ክራኩ «መጀመሪያ ዲፌንደርን (የዊንዶውሱን ጸረ ቫይረስ) አጥፋ» ሲላችሁ ምን እየጠየቀ እንደሆነ አስቡ። የባንክና የኢሜይል ፓስወርድ በምትጽፉበት ማሽን ላይ ማን እንደሠራው ለማይታወቅ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን መስጠት ነው።

ፎርማት አድርጌም ሾርትከት ቫይረሱ ተመልሶ መጣ።

የመጣው ከፍላሻችሁ ነው። ይህ ቫይረስ እውነተኛ ፋይሎቻችሁን ይደብቅና በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ያን ሾርትከት አንዴ ስትነኩት አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ይወጣል። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው ውስጥ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፣ የራሳችሁን ወደ ንጹሕ ቦታ ገልብጡ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ። በቤትና በቢሮ ያሉትን ፍላሾች ሁሉ በአንድ ቀን ካላጸዳችሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄደው አንዱ ፍላሽ ሁሉንም ይመልሰዋል።

48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቀኛል። እኔ ምንም አልቆለፍኩም!

ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። ከ24ኤች2 ስሪት ጀምሮ ዊንዶውስ 11 እንደ አዲስ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ብዙ ማሽኖች ላይ ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል። ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡት ወይም ቲፒኤም ሲነካ ቁልፉን ይጠይቃል። ማሽኑን መጀመሪያ ያዘጋጀው ሰው በገባበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ፣ ዲቫይስስ ከሚለው ሥር ቁልፉ ተቀምጦ ይገኛል። የወንድም ወይም የሱቁ ልጅ አካውንት ሊሆን ስለሚችል እነሱንም ጠይቁ። ቁልፉ ከጠፋ መረጃው ጠፍቷል፤ «እከፍትላችኋለሁ» የሚል ሰው ገንዘባችሁን ብቻ ነው የሚወስደው።

ብዙ ባለሙያ የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። ሲን ፎርማት ለማድረግ ቁልፍ አያስፈልግም፤ ዲም አብሮ ተቆልፎ ከነበረ ግን አዲሱ ዊንዶውስ ሲከፍተው የዲን የራሱን ቁልፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ሥራ ሳትጀምሩ በዲስኮቹ አዶ ላይ የቁልፍ ምልክት እንዳለ እዩ፤ ካለ የሁሉንም ቁልፍ ወረቀት ላይ ገልብጡ ወይም መቆለፊያውን አጥፍታችሁ ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቁ።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ፎርማት ሳደርገው የማላውቀው ድርጅት አካውንት ጠየቀኝ።

ላፕቶፑ የአንድ ኩባንያ ነበር፣ ከመዝገባቸውም አልወጣም። ኦቶፓይለት በሚባለው የማይክሮሶፍት አሠራር መለያው በድርጅቱ ስም ስለተመዘገበ፣ ዲስክ ብትቀይሩም ኢንተርኔት ሲያገኝ እንደገና ይጠይቃል። ማንሳት የሚችለው ድርጅቱ ነው። ሻጩን አስመልሱት።

ስትገዙ ዊንዶውሱ ተከፍቶ መጠበቁን አትመኑ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ሪሴት አስደርጉ፣ ከስልካችሁ ኢንተርኔት ስጡትና እስከ መጨረሻው ሲዘጋጅ እዩ። ባዮሱም ፓስወርድ እንደሌለው ግቡና አረጋግጡ።

በስህተት ዲን አጠፋሁት። ፋይሌ ይመለሳል?

አሁኑኑ ማሽኑን አጥፉት። ሃርድ ዲስክ ላይ ክፍልፋይ ሲጠፋ ወይም ፈጣኑ ፎርማት ሲደረግ የሚሰረዘው መዝገቡ ነው፤ ፋይሎቹ ሌላ እስኪጻፍባቸው በቦታቸው አሉ። እያንዳንዱ የምትቆዩበት ደቂቃ ዊንዶውሱ እላያቸው ላይ እየጻፈ ነው። ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ዲስኩን በዜሮ ይሞላዋል፤ ከዚያ መመለስ የለም። ኤስኤስዲ ከሆነም ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ወዲያው ስለሚያጸዳ ተስፋው በጣም ጠባብ ነው።

ዲስኩን አውጡና በዩኤስቢ ኬዝ ከሌላ ማሽን ጋር አገናኙት። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ቢላችሁ እምቢ በሉ። የመልሶ ማግኛ ፕሮግራሙንም ሆነ የተገኘውን ፋይል እዚያው ዲስክ ላይ አታስቀምጡ። ክፍልፋዩ ብቻ ከሆነ የጠፋው፣ ቴስትዲስክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም መዝገቡን ፈልጎ ዲን ከነፎልደሮቹ ሊመልሰው ይችላል። እሱ ካልቻለ የሱ ወንድም ፎቶሬክ ፋይሎቹን በዓይነታቸው ለቅሞ ያወጣል፤ ግን ስማቸውና ፎልደራቸው ይጠፋል፣ ስለዚህ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አንድ በአንድ መለየት ይጠብቃችኋል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ግን ሁለቱንም አትሞክሩ፤ ክዳኑንም አትክፈቱ፣ ሥራው ንጹሕ ክፍልና መለዋወጫ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል።